ለራስ አንድ ሚዛን፣ ለሌላው ሌላ ሚዛን

በአማርኛ የሚካሄደው የሃይማኖት ክርክር ትልቅ ገበያ ሆኗል። በቴሌግራም ቡድኖች፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ሌሊቱን ሙሉ ይካሄዳል። ክርስቲያኑ ቁርኣን ገልጦ ሙስሊሙን ያፋጥጣል፤ ሙስሊሙ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ክርስቲያኑን ያፋጥጣል፤ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ወንጌል በእጃቸው ይዘው እርስ በርስ ይተናነቃሉ። ተመልካች ይጎርፋል፣ ስጦታ ይላካል፣ በማግስቱ «አፈር ድሜ አስጋጠው» የሚል ርዕስ የተለጠፈበት ቁራጭ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል።

ክርክር መኖሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ሃይማኖቶች ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሰውና ከሞት በኋላ ስላለው ነገር የሚናገሩት «እውነት ነው» ብለው ነው፤ እውነት ነው የተባለ ነገር ደግሞ ይጠየቃል። ችግሩ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። አብዛኛው ተከራካሪ የሌላውን መጽሐፍ ሲመዝን የሚያወጣው የወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ነው፤ ቅንጣት ብትጎድል ያሳያል። የራሱን ሲመዝን የሚያወጣው የከሰል ሚዛን ነው፤ ኪሎ ቢጎድልም አይነቃነቅም። በገበያ እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ሌባ ይባላል። በሃይማኖት ክርክር ግን «መምህር»፣ «ኡስታዝ»፣ «ፓስተር» ይባላል።

በሌላው መጽሐፍ ላይ የጫነውን መስፈርት በራሱ መጽሐፍ ላይ ለመጫን ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ወገኑን እየጠበቀ ነው እንጂ እውነትን እየፈለገ አይደለም። ወገንን መጠበቅ መብቱ ነው። «እውነትን እመረምራለሁ» እያለ ማድረጉ ግን ማጭበርበር ነው። ይህ ከባድ ክስ ስለሆነ ማስረጃው በዝርዝር ይታይ።

◆ ገመዱ ተበጠሰ፣ ቀኖቹ ተደረቡ

ክርስቲያን ተከራካሪዎች የሚወዱት አንድ ጥያቄ አለ። በቁርኣን ሱራ 41 ከአንቀጽ 9 እስከ 12 ምድር በሁለት ቀን እንደተፈጠረች ይናገራል፤ ከዚያ ስለ ተራሮችና ስለ ምድር ሲሳይ ሲናገር አራት ቀን ይላል፤ ከዚያ ሰማያት በሁለት ቀን። ሲደመር ስምንት። በሱራ 7 አንቀጽ 54 ግን ፍጥረት በስድስት ቀን ነው። የሙስሊም መምህራን መልስ የታወቀ ነው፦ አራቱ ቀናት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ድምሩ ስድስት ነው። ክርስቲያኑ ይህን ሲሰማ ይስቃል። «ማምለጫ ፈጠሩ» ይላል።

ይኸው ክርስቲያን በተራው ስለ ይሁዳ አሟሟት ይጠየቃል። ማቴዎስ 27 ሄዶ ታነቀ ይላል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ደግሞ በግንባሩ ወድቆ ሆዱ እንደተሰነጠቀ ይናገራል። መልሱ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ታነቀ፣ ከዚያ ገመዱ ተበጠሰና ወደቀ። አሁን የሚስቀው ሙስሊሙ ነው። «ገመድ ተበጠሰ የሚለው የት ተጽፏል?» ይላል።

ሁለቱ መልሶች አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ጽሑፉ በግልጽ ያላለውን መካከለኛ ነገር አስገብተው ሁለት ንባቦችን ያስታርቃሉ። እንዲህ ያለ ማስታረቅ ከተፈቀደ ለሁለቱም ይፈቀዳል፤ ከተከለከለ ለሁለቱም ይከለከላል። ገመዱን ለራሱ የበጠሰ ሰው ለጎረቤቱ ቀን መደረብን ሊከለክል አይችልም።

ምሳሌው ብዙ ነው። ክርስቲያኑ በሱራ 19 አንቀጽ 28 ማርያም «የሃሩን እህት» መባሏን አንስቶ፣ የሙሴን እህትና የኢየሱስን እናት አምታቷል ይላል። ሙስሊሙ አባባሉ ዘርን ወይም በደጋግ ሰዎች ስም መጠራትን ያመለክታል ብሎ ይመልሳል። ሙስሊሙ በተራው የዮሴፍ አባት በማቴዎስ ያዕቆብ፣ በሉቃስ ግን ኤሊ መሆኑን ያነሳል። ክርስቲያኑ አንዱ የሥጋ፣ አንዱ የሕግ አባት ነው ብሎ ይመልሳል። የዝምድና ቃል ሰፋ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል የሚለው መልስ ለአንዱ ብልሃት፣ ለሌላው ቅጥፈት ሊሆን አይችልም።

በጦርነት አንቀጾችም እንዲሁ ነው። አንዱ ሱራ 9 አንቀጽ 5ን አንብቦ ያቆማል፤ ሌላው አንደኛ ሳሙኤል 15ን አንብቦ ያቆማል። ስለ ራሱ መጽሐፍ ሲጠየቅ እያንዳንዱ «ዐውደ ንባቡን፣ ዘመኑን፣ ለማን እንደተነገረ ተመልከት» ይላል። ትክክል ነው፤ መታየት አለበት። ታዲያ ዐውደ ንባብ ለምን የአንድ ወገን ንብረት ይሆናል? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት የተፈጠረው ለዚህ ይመስላል።

◆ የብራናው ጉዳይ

ሙስሊም ተከራካሪዎች ስለ ማርቆስ ወንጌል መጨረሻ ማንሳት ይወዳሉ። ነገሩ እውነት ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የተጻፉት ሁለቱ ታላላቅ የግሪክኛ ብራናዎች፣ ሲናይቲከስና ቫቲካነስ የሚባሉት፣ ማርቆስን ምዕራፍ 16 ቁጥር 8 ላይ ያቆሙታል። ከቁጥር 9 እስከ 20 ያለው በእነርሱ ውስጥ የለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ያለው በምንዝር የተያዘችው ሴት ታሪክም በእነዚሁ ብራናዎች አይገኝም። ብዙ ክርስቲያን ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ከተከራካሪ አፍ ነው፤ ይህ የራሱ መምህራን ጥፋት ነው፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

ግን ይህን የሚያነሳው ሙስሊም ተከራካሪ ስለ ራሱ መጽሐፍ ታሪክ ምን ይላል? ብዙ ጊዜ «አንድም ፊደል ሳይለወጥ» ብሎ ያልፋል። የእስልምና ምሁራን ራሳቸው ያቆዩት ታሪክ ግን ከዚህ ይሰፋል። በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ እንደተዘገበው ኸሊፋ ዑስማን በንባብ ላይ ልዩነት ሲፈጠር አንድ ሙስሐፍ አስጽፈው ወደ ልዩ ልዩ አገር ላኩ፤ የቀሩትን ጽሑፎች እንዲቃጠሉ አዘዙ። የታወቁት የቂራኣት ስልቶችም ልዩ ልዩ ናቸው። በአብዛኛው ዓለም የሚነበበው ሐፍስ ነው፤ በሰሜንና በምዕራብ አፍሪካ ወርሽ፣ በጎረቤት ሱዳን አል ዱሪ ሲነበብ ኖሯል። በፋቲሓ አራተኛ አንቀጽ ላይ ሐፍስ «ማሊክ» ብሎ ባለቤት ሲል፣ ወርሽ «መሊክ» ብሎ ንጉሥ ይላል። ለዚህ የሙስሊም ሊቃውንት መልስ አላቸው፦ ሁሉም ቂራኣት ከነቢዩ የተወረሱ ናቸው። መልሱ ሊሰማ ይገባዋል። ግን ክርስቲያኑም ስለ ብራናዎቹ መልስ አለው፤ እርሱም ሊሰማ ይገባዋል። «የእናንተ ልዩነት ብረዛ ነው፣ የእኛ ልዩነት ጸጋ ነው» ማለት ምርመራ አይባልም።

ክርስቲያኑም ከዚህ አያመልጥም። ስለ ዑስማን ሙስሐፍ ማቃጠል ሲናገር ድምፁ ከፍ ይላል። የትኛው መጽሐፍ ይግባ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የራሱ አብያተ ክርስቲያናት በረጅም ዘመን እንደወሰኑት፣ ዛሬም እንዳልተስማሙበት ሲነገረው ግን ድምፁ ይወርዳል።

◆ በውሰት ምሁር መከራከር

የሁለቱም ወገን ተወዳጅ መሣሪያ የምዕራብ ተመራማሪ ነው። ሙስሊሙ ባርት ኧርማንን ይጠቅሳል። ኧርማን አሜሪካዊ የአዲስ ኪዳን ተመራማሪ ነው፤ በወጣትነቱ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር፤ እምነቱን ትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ብራናዎች ልዩነት ያሳተመው መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ተሸጧል። በአማርኛ ክርክር ስሙ እንደ ምስክር ይጠራል።

ግን ምስክር ከተጠራ ሙሉ ቃሉ ይሰማል። ኢየሱስ በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን ተሰቅሎ መሞቱ ስለ እርሱ ከሚታወቁት ነገሮች ሁሉ እጅግ እርግጠኛ ከሆኑት አንዱ ነው ብሎ የሚያስተምረው ይኸው ኧርማን ነው። ቁርኣን በሱራ 4 አንቀጽ 157 ይህን ይክዳል። ስለ ማርቆስ መጨረሻ ሲናገር «ታላቅ ምሁር» የተባለ ሰው፣ ስለ ስቅለት ሲናገር «ያው ምዕራባዊ ነው» ሊባል አይችልም። ከዚህም በላይ ኧርማን የሚጠቀምበት ዘዴ ቅዱስ መጽሐፍን እንደ ማንኛውም የሰው ጽሑፍ መመርመር ነው። ይህ መጋዝ የቤተ ክርስቲያኑን በር ቆርጦ የመስጊዱ በር ላይ ሲደርስ አይዶለዱምም።

ክርስቲያኑም የራሱ የውሰት ምሁራን አሉት። ፓትሪሺያ ክሮንና ማይክል ኩክ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ሥራ የእስልምናን መነሻ በተመለከተ የቆየውን ትረካ ጥያቄ ውስጥ አስገብተው ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም ሲጠቀሱ ይሰማል። ተከራካሪው የማይናገረው ተመሳሳይ ጥርጣሬ በራሱ መጽሐፍ ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን ነው። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 ስድስት መቶ ሺህ ያህል ወንዶች ከግብፅ እንደወጡ ይናገራል፤ ብዙ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ግን ይህን ያህል ሕዝብ በሲና በረሃ ማለፉን የሚያሳይ አሻራ አላገኘንም ይላሉ። በሱራ 4 ላይ የታሪክ ተመራማሪዎችን በምስክርነት የጠራ ክርስቲያን፣ እነዚሁ ተመራማሪዎች አራቱ ወንጌሎች መጀመሪያ ያለ ጸሐፊ ስም ሳይዘዋወሩ አልቀሩም ሲሉ ጆሮውን ሊደፍን አይገባም። ተመራማሪዎቹ ተሳስተው ሊሆን ይችላል። መልስም ይኖራል። ግን የሚጠቅመውን ዐረፍተ ነገር ቆርጦ የቀረውን መጣል የሌባ ሥራ ነው።

◆ የተረሳው ሦስተኛ ወገን

የሙስሊምና የክርስቲያን ክርክር አንድ ሰው በመካከል እንደሌለ አድርጎ ይካሄዳል፦ አይሁዳዊው። ሁለቱም በእርሱ መጽሐፍ ይሟገታሉ፤ ማንም ግን አይጠይቀውም።

ሙስሊሙ በዘዳግም 18 ቁጥር 18 የተባለው ነቢይ ሙሐመድ ነው ይላል። ከመኃልየ መኃልይ 5 ቁጥር 16 «መሐመዲም» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል አንስቶ ስማቸው ተጽፏል የሚልም አለ። ክርስቲያኑ ይስቃል፤ ምዕራፉ የፍቅር ቅኔ ነው፣ ቃሉም ያማረ፣ የሚወደድ ማለት ነው ይላል። ልክ ነው። ግን ይኸው ክርስቲያን ኢሳይያስ 7 ቁጥር 14ን ሲጠቅስ አይሁዳዊው ምን ይለዋል? በዕብራይስጡ ያለው ቃል ወጣት ሴት ማለት ነው፤ ድንግል የሚለው የመጣው ከግሪክኛው ትርጉም ነው፤ ምዕራፉ የሚናገረውም ንጉሥ አካዝ በዘመኑ ስለገጠመው አደጋ ነው ይለዋል። ክርስቲያኑ ለዚህ ጥንታዊ መልስ አለው፤ ትንቢት ድርብ ፍጻሜ ይኖረዋል ይላል። ድርብ ፍጻሜን ለኢሳይያስ የፈቀደ ግን ሌላው ሲጠቀምበት ለምን እንደማይፈቅድ ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅበታል። መሳቅ ምክንያት አይሆንም።

በአማርኛ ተናጋሪው ዓለም ይህ ሦስተኛ ወገን ሩቅ አይደለም። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ ይዘው ሰንበትን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። እነርሱም ራሳቸው የሚዛን ጉዳይ ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል ሴፋርዲ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን አውቀው ነበር። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የገቡት ግን ለጥንቃቄ በሚል የመንጻት ጥምቀት እንዲፈጽሙ ተጠየቁ። በ1985 በኢየሩሳሌም ለሳምንታት የዘለቀ የተቃውሞ መቀመጥ አደረጉ። ታልሙድ ያልደረሰው ሕዝብ በታልሙድ ተመዘነ። ሚዛኑን የመረጠ ፍርዱንም ይመርጣል፤ ለዚህ ነው ሚዛኑ ከክርክሩ በፊት መታየት ያለበት።

◆ «የት ተጽፏል?»

በክርስቲያኖች መካከል ያለው ክርክር ከዚህ አይሻልም። ፕሮቴስታንቱ ስለ አማላጅነት፣ ስለ ታቦት፣ ስለ ጾም ሥርዓት «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የት ተጽፏል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የእርሱ መጽሐፍ ቅዱስ 66 ክፍሎች እንዳሉት በራሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የት ተጽፏል? የትም። የመጻሕፍቱ ዝርዝር የመጣው ከትውፊትና ከአበው ውሳኔ ነው። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 ሄኖክን በስሙ ይጠቅሳል፤ ሄኖክ ግን ከ66ቱ ውስጥ የለም። «ያልተጻፈ አልቀበልም» የሚለው መርሕ ራሱ ባልተጻፈ ዝርዝር ላይ ቆሟል።

ኦርቶዶክሱ ይህን ሰምቶ ደስ ይለው ይሆናል፤ አይቸኩል። 81ዱን መጻሕፍት የሚቀበለው ትውፊት ምስክር ነው ብሎ ነው። ትውፊት ምስክር ከሆነ አይሁዳዊው የቃል ኦሪቱን፣ ሙስሊሙ በሰንሰለት የወረሰውን ሐዲስ ሲያመጣ «የሰው ወሬ ነው» ብሎ መጣል አይችልም። የእርሱ ትውፊት ከእነዚያ ለምን እንደሚበልጥ ማስረዳት አለበት። ሊያስረዳ ይችል ይሆናል። እስኪያስረዳ ግን «አባቶች ብለዋል» ማለት ከሌላው «አባቶቻችን ብለዋል» ጋር እኩል ይቆማል።

◆ ያልተበረዘ ሁሉ እውነት አይደለም

አንድ ሌላ ስህተት ሁሉንም ወገን ያገናኛል፤ መጽሐፉ ጥንታዊና በደንብ የተጠበቀ መሆኑን የመለኮታዊነት ማረጋገጫ ማድረግ።

በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት የቁርኣን ቅጠሎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ምርመራ ብራናቸው ከ568 እስከ 645 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚሆን ታወቀ። ይህ ቁርኣን ዘግይቶ የተጻፈ ነው ይሉ ለነበሩ ክርስቲያን ተከራካሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው። ግን ከዚያ ተነስቶ «ከፈጣሪ መምጣቱ ተረጋገጠ» ያለ ሙስሊም የብራና ዕድሜን ከራእይ ጋር አምታቷል። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላትም በምርመራ እጅግ ጥንታዊ መሆናቸው ታውቋል፤ በዓለም ካሉት ቀደምት ሥዕል ያላቸው ወንጌላት ይቆጠራሉ። ሄኖክም ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኙ የአራማይክ ቁርጥራጮች ከክርስትና በፊት እንደነበረ አሳይተዋል። ይህ ሁሉ ለአገር ኩራት ነው። ግን የብራናው ዕድሜ የሚመሰክረው ለብራናው ነው። ሄኖክ ራሱ መጻፉን፣ ሰማይንም በዓይኑ ማየቱን አይመሰክርም። በጥንቃቄ የተቀመጠ የሐሰት ውል በጥንቃቄ ስለተቀመጠ ብቻ እውነተኛ አይሆንም፤ ጠርዙ የተበላ እውነተኛ ውልም ጠርዙ ስለተበላ ሐሰት አይሆንም።

በግል ተሞክሮም እንዲሁ ነው። «ሰላም ተሰማኝ፣ በሕልም ታየኝ፣ ተፈወስኩ» የሚለው ምስክርነት ለባለቤቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊነጥቀው አይችልም። ግን በጠበል የዳነ አለ፣ በዱዓ የዳነ አለ፣ በፓስተር ጸሎት የዳነ አለ። የራሱን ወገን ፈውስ «ተአምር»፣ የሌላውን «የሰይጣን ማታለል» የሚል ሰው ሌላው ወገን ስለ እርሱ ያንኑ ቃል እንደሚናገር ይወቅ። ተሞክሮ ለሰውየው የሚያምንበት ምክንያት ይሆነዋል፤ ጎረቤቱን የሚረታበት ማስረጃ ግን አይሆነውም።

◆ «ሁሉም አንድ ነው» የሚሉትስ?

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ወገን ብቅ ይላል። «ለዚህ ነው ክርክር የማይጠቅመው፤ ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው፣ ሁሉም ስለ ፍቅር ያስተምራል» ይላል። ሐሳቡ ደግ ይመስላል፤ እውነት ግን አይደለም፤ አክብሮትም የለውም።

ኢየሱስ ተሰቅሎ ሞተ ወይስ አልሞተም? ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። የእግዚአብሔር ልጅ ነው ወይስ ነቢይ ነው ወይስ መሲሕ አይደለም? ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙና አይሁዳዊው በዚህ ላይ የሚለያዩት ስላልተግባቡ አይደለም፤ በደንብ ስለተግባቡ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰዎች ተሰድደዋል፣ ሞተዋል። «ያው ናችሁ» ማለት «የሞታችሁለት ነገር ትርጉም የለውም» ማለት ነው። ባለ ሁለት ሚዛኑ በሐሰት ይመዝናል፤ «ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ደግሞ ሚዛኑን ሰብሮ «ሁሉም እኩል ከበደ» ይላል። እኩል መመዘን ውጤቱ እኩል ይሆናል ማለት አይደለም። በአንድ ሚዛን የተመዘኑ ሁለት ነገሮች አንዱ ሊከብድ ይችላል። የከበደው በትክክል ከበደ የሚባለው ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

◆ «እምነት አይመዘንም» ለሚሉ

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። እምነት የልብ ጉዳይ ነው፣ ስጦታ ነው፣ በማስረጃ አይመዘንም ይባላል። ለግል እምነት ይህ መልስ በቂ ነው። ጠዋት ተነስታ ኪዳን የምታደርስ እናት፣ ለሱብሒ ሶላት የሚነሳ አባት ለማንም ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም። እምነታቸው በኖሩት ሕይወት፣ በተቀበሉት አደራ ላይ ቆሟል።

ግን ያው ሰው ዞሮ «የአንተ እምነት ሐሰት ነው፣ መጽሐፍህ የተበረዘ ነው» ሲል ከቤቱ ወጥቶ ገበያ ገብቷል። ገበያ የገባ ሚዛኑን ያሳያል። ሲያጠቃ ማስረጃ፣ ሲጠየቅ «እምነት ነው» ማለት አይቻልም። ወይ በማስረጃ ይነጋገር፣ ወይ ሌላውንም በእምነቱ ይተወው።

◆ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው?

የዚህ ጨዋታ ዋጋ ተከራካሪው ላይ አይወድቅም። እርሱ ተከታይ ያገኛል። ዋጋውን የሚከፍል የመጀመሪያው ሰው የራሱ ወገን ወጣት ነው። «መጽሐፋችን አንድም ጥያቄ የለበትም» ተብሎ ያደገ ልጅ፣ አንድ ሌሊት ስለ ማርቆስ መጨረሻ ወይም ስለ ቂራኣት ከጠላት አፍ ይሰማል። ፈልጎ ያጣራል፤ እውነት ሆኖ ያገኘዋል። በዚያች ሌሊት የሚፈርሰው ስለ አንድ ምዕራፍ የነበረው ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ በመምህራኑ ላይ የነበረው እምነት ሁሉ ነው። ጥያቄውን ከመልሱ ጋር ቀድሞ ከቤቱ ሰምቶት ቢሆን ባልደነገጠ። ብዙዎች እምነታቸውን የሚያጡት ጥያቄ ስላለ ሳይሆን ጥያቄው ስለተደበቀባቸው ነው።

ሁለተኛው ጎረቤት ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ በተነሳ ግጭት ሰዎች ሞተዋል። እነዚህን የፈጠረው የቲክቶክ ክርክር ነው ማለት ማስረጃ የሌለው ክስ ይሆናል፤ እያንዳንዱ የራሱ መነሻ አለው። ግን ጎረቤቱን ለዓመታት «ውሸት የሚያመልክ» ብሎ ሲሰማ የኖረ ሰው፣ የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል ውኃ ይዞ ለመሮጥ እግሩ ይከብደዋል። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማቾች አሉ፤ አንዱ ለፋሲካ፣ ሌላው ለዒድ እየተጠራሩ የኖሩ። አዲሱ የክርክር ገበያ ለእነርሱ የሚሸጠው ነገር ምንድን ነው?

◆ ሁለት የቆዩ ምሳሌዎች

የእስልምና ትውፊት ስለ አክሱም ንጉሥ የሚያቆየው ታሪክ አለ። ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች ሲመጡ ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኛ ላኩ፤ መልሱልን፣ ስለ ኢየሱስም ክፉ ይናገራሉ አሉ። ንጉሡ በከሳሾቹ ቃል አልፈረደም። ተከሳሾቹን አስጠርቶ ስለ ኢየሱስ ምን እንደሚሉ ከራሳቸው አፍ ሰማ፤ ጃዕፈርም ከሱራ ማርያም አነበበለት። ንጉሡ ስጦታውን መለሰ፣ ስደተኞቹን አስጠጋ። ዛሬ ሙስሊሙ «ሰልሟል»፣ ክርስቲያኑ «አልሰለመም» እያሉ በንጉሡ ይጣላሉ። ያደረገውን ነገር ግን ማንም አይከተልም፦ ስለ አንድ ሰው እምነት የመጀመሪያው ምስክር ራሱ ሰውየው ነው። ሦስት አማልክት ታመልካላችሁ የተባለ ክርስቲያን፣ ጥቁር ድንጋይ ታመልካላችሁ የተባለ ሙስሊም፣ ማርያምን ታመልካላችሁ የተባለ ኦርቶዶክስ «እኛ የምንለው ይህ አይደለም» ሲል፣ ክርክሩ ከዚያ ይጀምር።

ሁለተኛው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ካቶሊክና ተዋሕዶ በተፋጠጡበት ጊዜ የኖረ ሰው ታሪክ ነው። ሁሉም የእኔ ትክክል ነው ሲል ዳኛው ማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ያስጨንቀዋል። መጽሐፉን ማን ጻፈው በሚለው ላይ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የኢጣሊያዊው ሚስዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ካለ ወዲህ ሊቃውንት እየተከራከሩ ነው፤ ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተሟግቷል። እዚህም ሚዛን ይፈተናል፤ ኢትዮጵያዊ ሥራ እንዲሆን መፈለግ ማስረጃ አይደለም፣ አፍሪካዊ እንዲህ አያስብም ማለትም ማስረጃ አይደለም። ጸሐፊው ማንም ይሁን፣ ጥያቄው ግን ጥያቄ ነው። ዳኛ የሌለው ሙግት የሚጸናው ተሟጋቾቹ ራሳቸው በአንድ ሕግ ከታሰሩ ብቻ ነው።

ሕጉ አስቸጋሪ አይደለም። በሌላው መጽሐፍ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አስቀድሞ በራስ መጽሐፍ ላይ ይነሳ፤ ለራስ የተሰጠ መልስ ለሌላውም ይፈቀድ፤ የተጠራ ምስክር ሙሉ ቃሉ ይሰማ። ይህን ያደረገ ሰው እምነቱን አያጣም፤ ያመነበትን ምክንያት አውቆ ያምናል።

ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ይህን ያደርጋሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ ገበያው የሚከፍላቸው ለሌላው ነው። ገበያውን ሊለውጥ የሚችለው ተመልካቹ ነው። በሚቀጥለው ቀጥታ ስርጭት የራሱ ወገን ተከራካሪ የሌላውን መጽሐፍ ገልጦ ሲያፋጥጥ፣ ከማጨብጨቡ በፊት አንዲት መስመር ይጻፍለት፦ «ይህንኑ ጥያቄ የራስህን መጽሐፍ ጠይቀሃል? መልሱስ ምን ነበር?»